ጉርድ ቀሚስ የሚወድ ባልና የሚስቱ ኅሊና



አንዳንድ ጥያቄ ገና ሲሰማ ሳቅ ያስነሣል፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው ከነክብደቱ እዚያው ቆሞ ይገኛል። ጉርድ ቀሚስ መልበስ ደስ የሚለው፥ ይህንንም ደስታውን ሚስቱ እንድትቀበልለት የሚለምን ባል ጉዳይ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ነገሩ በይፋ የሚነሣው በአብዛኛው በአውሮጳና በአሜሪካ ነው። በእነዚያ አገሮች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ፈረንሳዊው ዣን ፖል ጎልቲዬ ያሉ ስመ ጥር የልብስ ቀያሾች ለወንዶች ጉርድ እየሠሩ ለሕዝብ አቅርበዋል። በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር በ2002፥ በኒው ዮርክም የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ2003 በዚሁ ጉዳይ ላይ ዐውደ ርእይ ከፍተዋል። በ2017 የበጋ ሙቀት ደግሞ ቁምጣ የተከለከሉ የናንት ከተማ የአውቶቡስ ነጂዎችና በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ከተማ ወንዶች ተማሪዎች ጉርድ ለብሰው በመቅረብ ደንቡን ተቃውመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዐደባባይ የሚታየው ይህን ያህል ከሆነ፥ በቤት ውስጥ የሚደረገው ግን ዐውደ ርእይም ተመልካችም የለውም። በዚያ ያሉት አንድ ባልና አንዲት ሚስት ናቸው። እርሱ ለብዙ ጊዜ በልቡ የያዘውን ሊናገር ይፈራል፤ እርስዋም የሰማችውን ምን እንደምታደርገው አታውቅም። እንግዲህ የጥያቄያችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ባል ከሚስቱ ምን ሊጠይቅ ይገባዋል? ሚስትስ ለባልዋ ምን ልትሰጠው ይገባታል? ልትከለክለው የምትችለውስ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ልብሱን ራሱን እንመርምር። ለሁለት እግር ሳይከፈል ከወገብ በታች የሚወርድ ጨርቅ በተፈጥሮው የሴት ነውን? የዓለም ታሪክ እንዲህ አይልም። የስኮትላንድ ደገኞች ጉርዳቸውን ለብሰው ይዋጉ ነበር። ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ የብሪታንያ ምክር ቤት በ1746 ባወጣው ሕግ ይህን ልብስ ለወንዶች ከለከለ፤ የለበሰ ስድስት ወር እንዲታሰር፥ ደግሞ የተገኘ ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ እንዲጋዝ ተደነገገ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ጉርዱ የተከለከለው የሴት ልብስ ስለ መሰለ ሳይሆን የጦረኛ ልብስ ስለ ነበረ መሆኑን ልብ እንበል። በአቴና የክብር ዘበኞች እስከ ዛሬ ድረስ ሽንሽኑ የበዛ ነጭ ጉርድ ለብሰው ይቆማሉ። የበርማና የፊጂ ወንዶችም እንደዚሁ የየራሳቸው ሽርጥ አላቸው። በአገራችንም የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር፥ የወሎም ቆላ ገበሬ ሽርጡን አገልድሞ ሲሄድ ወንድነቱን የሚጠራጠር ማንም የለም። ካህናትና ዲያቆናት በመቅደስ የሚለብሱት ረጅሙ ልብስ ስሙ ራሱ ቀሚስ ነው።

በአንጻሩ ዛሬ የወንድነት ምልክት ሆኖ የሚታየው ሱሪ በሮማውያን ዘንድ የአረማውያን ልብስ ተብሎ የተናቀ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆኖርዮስ በሮም ከተማ ውስጥ ሱሪ መልበስን በሕግ ከልክሎአል። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ866፥ አዲስ የተጠመቀው የቡልጋርያው ገዢ ቦሪስ ወደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ ቀዳማዊ ከመቶ የሚበልጡ ጥያቄዎችን ልኮ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ስለ ሱሪ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የመለሱለት፥ ሊለወጥ የሚገባው የውጩ አለባበስ ሳይሆን የውስጡ ሰው ጠባይ መሆኑን በመግለጥ ነው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ጨርቅ በራሱ ወንድም ሴትም አለመሆኑን ነው።

ይህ ብቻ ግን ነገሩን አይፈታውም። ጥቁር ጨርቅ በራሱ ኀዘን አይደለም፤ ሆኖም በአገራችን ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ለብሶ ወደ ሰርግ ቤት የሚገባ ሰው አንደበቱን ሳይከፍት ብዙ ነገር ይናገራል። ልብስ ቋንቋ ነው። የቋንቋም ትርጉም በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ የሚሰማውም ሰው ድርሻ አለው። ስለዚህ ‘ጨርቅ ብቻ ነው’ የሚል ባል ግማሽ እውነት ተናግሮአል ማለት ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ነገሩን የመረመረው በዚህ መንገድ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን፥ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ የሚከለክል ትእዛዝ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሱፍና ተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ ተከልክሎአል፤ ለቤት ሰገነትም መከታ እንዲሠራ ታዝዞአል። ቶማስ የልብሱ ክልከላ የተሰጠው አሕዛብ ልብስ መለዋወጥን ለጣዖት አምልኮ ስለሚጠቀሙበት መሆኑን ይገልጣል። የሰው አለባበስ ከኑሮው ሁኔታና ከአገሩ ልማድ ጋር ሊስማማ እንደሚገባ፥ ያለ ምክንያት ማፍረሱም ጥፋት እንደ ሆነ፥ ለሥጋ ፍትወትም መነሻ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። ከዚህ ጋር ግን አስገዳጅ ነገር ሲኖር፥ ለምሳሌ ከጠላት ለመሸሸግ ወይም ሌላ ልብስ ሲታጣ፥ ያለ ኃጢአት ሊደረግ እንደሚችል ይጨምራል። እንግዲህ በእርሱ አስተያየት ልማድና ምክንያት አብረው ይመዘናሉ።

ልማድ ግን እንደ ቆመ አይቀርም። ዣን ዳርክ በ1431 በሩዋን ከተማ በእሳት ስትቃጠል ከተከሰሰችባቸው ነገሮች አንዱ የወንድ ልብስ መልበስዋ ነበር። በ1456 ያ ፍርድ ከንቱ ተብሎ ተሻረ፤ በ1920ም ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ዐወጀቻት። በፓሪስ በ1800 የወጣ የፖሊስ ትእዛዝ ሱሪ መልበስ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ፈቃድ እንድታወጣ ያስገድድ ነበር፤ ትእዛዙ ዋጋ የሌለው መሆኑ በይፋ የተገለጠው ገና በ2013 ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ሱሪ ለብሳ የምትሄድን ሴት ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ሴት የወንድን ልብስ ስትለብስ ጥቂት ትውልድ አጕረምርሞ ለመደው፤ ወንድ የሴትን ልብስ ሲለብስ ግን ዛሬም ይሳቅበታል። ልዩነቱ ከምን መጣ? በቋንቋችን ‘ሱሪ የታጠቀ’ ማለት ጀግና ማለት ነው፤ ፈሪን ለማዋረድ ደግሞ ‘ቀሚስ ልበስ’ ይባላል። ስለዚህ ሱሪ የለበሰችው ሴት ከፍ እንዳለች፥ ቀሚስ የለበሰው ወንድ ደግሞ ዝቅ እንዳለ ተቈጥሮአል። የሴት ልብስ ውርደት ከሆነ ግን በየቀኑ የምትለብሰው ሴት ምን ልትባል ነው? የሳቃችን ሥር ለሴት ያለን ንቀት እንዳይሆን ልንፈራ ይገባናል። እናቱን፥ ሚስቱንና ሴት ልጁን የሚያከብር ሰው የእነርሱን ልብስ ለስድብ መሣሪያ ሊያደርገው አይገባም።

አሁን ወደ ባልየው እንመለስ። ጉርድ የሚወዱ ወንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ምቾቱን ብቻ ይወዳል፤ ለሙቀት ይሻላል፥ አካልን አያጠብቅም ይላል። ሌላው ውበትን ይሻል፤ የወንዶች ልብስ ግራጫና ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነዋል። ሦስተኛው በልብሱ የሥጋ ስሜቱ ይነሣሣል። አራተኛው ደግሞ ስለ ገዛ ማንነቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይኖርበታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው። ጉርድ መውደዱ ሚስቱን አለመውደዱን አያመለክትም፤ ወደ ወንዶች ያዘነብላል ማለትም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ፥ ቀድሞ በውስጡ ይገኝ የነበረውን የተቃራኒ ጾታ ልብስ በመልበስ ስሜትን የማነሣሣት ልማድ ከበሽታ ስሞች ዝርዝር አውጥቶታል። ነገር ግን ‘በሽታ አይደለም’ ማለት ‘ከሥነ ምግባር ጥያቄ ነጻ ነው’ ማለት አይደለም። ቊጣም በሽታ አይደለም፤ ቤት ግን ያፈርሳል። ስለዚህ ባል ሚስቱን ከመጠየቁ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ የምፈልገው ምንድን ነው? ምቾት ነው፥ ውበት ነው፥ ፍትወት ነው ወይስ ሌላ? ራሱ ያልመለሰውን ጥያቄ ሚስቱ እንድትመልስለት መጠበቅ ሸክሙን በእርስዋ ላይ መጣል ነው።

ራሱን ከመረመረ በኋላ የመጀመሪያው ግዴታው እውነትን መናገር ነው። ‘ሆድ ከአገር ይሰፋል’ ይባላል፤ እውነት ነው፥ ሰው በሆዱ ብዙ ነገር ሸሽጎ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። በትዳር ውስጥ ግን የተሸሸገ ነገር እያደር ሌላ መልክ ይይዛል። በልብስ ሣጥን ሥር የማታውቀውን ጉርድ ቀሚስ ያገኘች ሚስት መጀመሪያ የምታስበው ስለ ሌላ ሴት ነው። ኋላም እውነቱን ስትሰማ፥ ብዙ ጊዜ የሚያቈስላት ጨርቁ ሳይሆን ዓመታቱ ናቸው። ‘ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር ያላወቅሁት ሌላ ምን አለ?’ ብላ ትጠይቃለች። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ነገሩ ከጋብቻ በፊት ሊነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም የምትፈቅድ ሴት ምን እንደምትፈቅድ ማወቅ አለባት። ጊዜው አልፎ ከሆነም ሚስት ሣጥን ከፍታ ከምታገኘው ይልቅ ባል በገዛ አንደበቱ ቢነግራት ይሻላል።

ሚስትስ? ብዙ ጊዜ ‘ተቀበዪኝ’ የሚለው ልመና ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ይሸፍናል። የመጀመሪያው መስማት ነው፤ ሁለተኛው መታገሥ ነው፤ ሦስተኛው አብሮ መደሰት ነው። መስማት ዕዳ ነው። ባልና ሚስት የሆኑ ሰዎች አንዱ የሌላውን ልብ ሳይሳለቁ ሊሰሙ ይገባቸዋል፤ የሰሙትንም ለእናት፥ ለእኅት፥ ለጎረቤት ወስዶ መዘርገፍ በደል ነው። መታገሥ በምክክር የሚወሰን ነው፤ መጠኑንና ቦታውን ሁለቱ ይስማሙበታል። አብሮ መደሰት ግን ነጻ ስጦታ ነው፤ ማንም ሊያዝዘው አይችልም። ባል ሁለተኛውን አግኝቶ ሦስተኛውን እንደ መብት ቢጠይቅ፥ ሚስትም ሦስተኛውን ለመስጠት ስላልቻለች የመጀመሪያውን ብትነፍገው፥ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ባል፦ ‘ብትወጂኝ ኖሮ ትቀበዪኝ ነበር’ ይላል። ሚስትም፦ ‘ብትወደኝ ኖሮ ትተወው ነበር’ ትላለች። ሁለቱ ንግግሮች መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ፍቅርን የማስገደጃ መሣሪያ ያደርጋሉ። እንዲሁም ባል ‘ጨርቅ ብቻ ነው፥ ምን ያስከፋሻል?’ ሲል፥ ሚስት ‘ጨርቅ ብቻ ከሆነ መተው ለምን አቃተህ?’ ብትል መልስ የለውም። እርስዋም ‘ጨርቅ ብቻ ነው፥ ጣለው’ ስትል፥ እርሱ ‘ጨርቅ ብቻ ከሆነ ለምን ታለቅሺያለሽ?’ ሊላት ይችላል። ነገሩ ለሁለቱም ከጨርቅ በላይ መሆኑን ሁለቱም በግልጥ ቢያምኑ የእውነት ውይይት ይጀመራል። በዚያን ጊዜ ‘ማን ያሸንፋል?’ የሚለው ቀርቶ ‘አንተ የምታጣው ምንድን ነው? አንቺስ የምትፈሪው ምንድን ነው?’ ወደሚለው ይዘለቃል።

የሚስት ፍርሃት ቀላል አይደለም። ልጆቻችን ቢያዩ ምን ይላሉ? ጎረቤት ቢሰማ ስማችን ምን ይሆናል? እኔስ እንደ ሴት የምወደው ያንን ወንድ ነበር፤ ዐይኔ ሌላ ነገር ሲያይ ልቤ እንዳይቀዘቅዝ ምን ላድርግ? እነዚህ የጠባብነት ምልክቶች አይደሉም። በተለይ የባልና የሚስት ግንኙነት በሚፈጸምበት ቦታ የእርስዋ ኅሊና የማይወደውን ነገር እንድትችል ማስገደድ ከቶ አይገባም፤ በዚያ ስፍራ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ነገር ፍቅር አይባልምና። ከዚያ ውጭ ያለውን ግን በመመካከር ሊያስማሙት ይችላሉ። አንዳንዶች በቤት ውስጥ ብቻ እንዲሆን ይስማማሉ፤ አንዳንዶች ልጆች በሌሉበት ሰዓት ይሆናል ይላሉ፤ አንዳንዶች በጊዜ ብዛት ነገሩን እንደ ተራ ነገር ይለምዱታል፤ አንዳንድ ባሎችም የሚስታቸውን ኀዘን አይተው በገዛ ፈቃዳቸው ይተዉታል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ ለሁሉም ሕግ ማድረግ አይቻልም። የሁሉም መለኪያ ግን አንድ ነው፤ ስምምነቱ ከሁለቱ አንዱን እያመነመነ የሚሄድ እንዳይሆን።

‘ባል የሚስት ራስ ከሆነ ለአለባበሱ ሚስቱን ለምን ይጠይቃል?’ የሚል ይኖራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1988 ስለ ሴቶች ክብር በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፥ በኤፌሶን መልእክት የተነገረው መገዛት ከሚስት ወደ ባል ብቻ የሚሄድ ሳይሆን ሁለቱ ለክርስቶስ ካላቸው አክብሮት የተነሣ አንዱ ለሌላው የሚገዛበት መሆኑን አስረድተዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2016 ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር በጻፉት መልእክት፥ ወንድነትና ሴትነት የማይነቃነቁ ደንቦች እንዳልሆኑ፥ የቤት ሥራ የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ባል በዚህ ወንድነቱ እንደማይጐድል አመልክተዋል። እርሳቸው ስለ ጉርድ ቀሚስ አልተናገሩም፤ ቃላቸውን ወዳልተነገረበት መጎተት አይገባንም። ነገር ግን ወንድነት በሱሪ ወይም ከማድ ቤት በመራቅ ብቻ እንደማይጠበቅ ከዚህ እንማራለን።

ደግሞም ይህ ጥያቄ ከእኛ ቤት የራቀ የሚመስለው ሰው አንድ ነገር ያስተውል። በመካከላችን ሚስቱ ሱሪ እንዳትለብስ፥ ጠጉርዋን እንዳትቈረጥ፥ ይህን ቀሚስ ጥላ ያንን እንድትለብስ የሚያዝዝ ባል ጥቂት አይደለም። ‘ምን ይሉኛል’ እያለ የእርስዋን አለባበስ የራሱ ክብር መለኪያ ያደርገዋል። ሚስት በባልዋ አለባበስ ላይ ድምፅ ካላት ባልም በሚስቱ አለባበስ ላይ ድምፅ አለው፤ ሆኖም ድምፅ ማለት ትእዛዝ ማለት አይደለም። በእርሱ ላይ ሊደረግበት የማይወደውን በእርስዋ ላይ ማድረግ የለበትም። ጉርድ በሚወደው ባል ላይ የምንፈርደው ፍርድ ቅን መሆኑ የሚታወቀው፥ ሱሪ በምትወደው ሚስት ላይም ያንኑ ፍርድ ስንፈርድ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ባለትዳሮችን የምትመክሩ ሁሉ፥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ምናልባት በዕድሜያችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ያጋጥማችሁ ይሆናል። የዚያን ቀን ሦስት ነገሮችን አትርሱ። አንደኛ፥ አትሳቁ፤ ሰውዬው ወደ እናንተ ለመድረስ ብዙ ኀፍረት ተሻግሮአል። ሁለተኛ፥ ለነገሩ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ ጠይቁ፥ ከዐቅማችሁም በላይ ከሆነ ዕውቀት ወዳለው ሐኪም ወይም አማካሪ ምሩት። ሦስተኛ፥ ሚስቲቱን አትርሱ፤ ችግሩን የተናገረው እርሱ ስለ ሆነ ብቻ ተጨናቂው እርሱ ብቻ አይምሰላችሁ። ‘ቻዪው’ ብላችሁ አትሸኙዋት፤ እርሱንም ‘ወንድ ሁን’ ብላችሁ አታሰናብቱት። እነዚህ ሁለት ምክሮች ለመናገር አጫጭር ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰውን ከነጥያቄው ወደ ጨለማ ይመልሱታል።

በምሥጢረ ተክሊል የተጣመሩ ሁለት ሰዎች ቃል የገቡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሊወዱ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ሊተማመኑና ሊከባበሩ ነው። ባልየው ከሚስቱ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ነገርም ሳትንቀው እንድትሰማው ነው፤ እርስዋም ከእርሱ ልትጠይቀው የሚገባት ሳይዋሽ እንዲነግራት ነው። እነዚህ ሁለቱ በተገኙበት ቤት ጉርዱ ይለበስ ወይስ ይቅር የሚለውን ጥያቄ ሁለቱ ራሳቸው ተቀምጠው ሊፈቱት ይችላሉ። እነዚህ በታጡበት ቤት ግን ባል የወርቅ ካባ ቢለብስም ሚስቱ ከማን ጋር እንደምትኖር አታውቅም።